ተግባረ እድን ለሚማር ልጅ ወጪውን ማን ይከፍላል?

ትምህርት ያለ ወጪ አይገኝም። ወጪ ሲባል ግን ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የሚበላው እንጀራ፥ የሚያድርበት ቤት፥ የሚለብሰው ልብስ፥ የሚሠራበት መሣሪያ፥ ከቤቱም ርቆ በቆየበት ጊዜ ሳይሠራ የቀረው የእርሻ ሥራ ሁሉ ወጪ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም፤ ተማሪው ባይከፍል አባቱ ይከፍላል፥ አባቱ ባይችል መንግሥት ወይም አበዳሪ ይከፍላል። ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ «ማን ይከፍላል? በምንስ ይከፍላል?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ይህን ሳይጠይቅ የጀመረ ብዙ ሰው ትምህርቱን በመንፈቅ ትቶታል፤ ወይም ትምህርቱን ፈጽሞ ከዕዳው መውጣት ተስኖታል።

ክፍል 1። ጎጃም ተማሪውን እንዴት ይቀልብ ነበር

የጎጃም አገር ከጥንት ጀምሮ በትምህርት የታወቀ ነው። ዋሸራና ጎንጅ፥ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚፈልቅባቸው ቦታዎች ሆነው ኖረዋል። ከሩቅ አገር የመጣው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ውሻ የሚከላከልበትን በትር ይዞ፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ በእመቤታችን ስም ይለምን ነበር። ባለቤቶቹም ካላቸው ላይ ቁራሽ እንጀራና እፍኝ ቆሎ ይሰጡት ነበር። ማታ በሣር ጎጆ ያድራል፤ ለመምህሩም እንጨት ይለቅማል፥ ውሃ ይቀዳል። ይህ ልማድ ዛሬም በብዙ ቦታ ፈጽሞ አልቀረም።

ይህን አይቶ «የቤተ ክህነት ትምህርት ያለ ዋጋ ይገኛል» የሚል ሰው ይሳሳታል። ተማሪው ገንዘብ አለመክፈሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የመንደሩ ሰው በየቀኑ ከሌማቱ እየቈረሰ ይከፍልለት ነበር። አንድ ቤት ብቻውን ሊሸከመው የማይችለውን ወጪ ብዙ ቤት ሲካፈለው ቀላል ሆነ። ተማሪውም ተምሮ ሲወጣ ውለታውን የሚመልሰው በገንዘብ ሳይሆን በማስተማርና በማገልገል ነበር።

የእጅ ሥራን ለሚማር ልጅ ግን እንዲህ ያለ ቀለብ አልነበረም። ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ጥበባቸውን በቤታቸው ለልጆቻቸው ያወርሱ ነበር እንጂ መንደር የሚቀልበው ተማሪ አልነበራቸውም። እንዲያውም ሰው ቀጥቃጩ በሠራው ማረሻ እያረሰ፥ ሸማኔው የሠራውን ኩታ እየለበሰ፥ ሠራተኛውን ይንቅና በሙያው ይሰድበው ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓመተ ምሕረት ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ነገር ግን ልማድ በአንድ ቀን አዋጅ አይጠፋምና ንቀቱ ብዙ ዘመን ቆየ።

ከዚያ በኋላ የእጅ ሥራ በትምህርት ቤት ይሰጥ ጀመር። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓመተ ምሕረት ተከፈተ፤ በባሕር ዳርም የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1955 ዓመተ ምሕረት ተቋቋመ። ቀድሞ መንቆረር ይባል በነበረው በደብረ ማርቆስ ከተማም ዛሬ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። እንግዲህ የገበሬ ልጅ ብየዳን፥ የእንጨት ሥራን፥ የኤሌክትሪክን ሥራ ለመማር አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ቢቀርብም የወጪው ጥያቄ አልቀረም።

ክፍል 2። በዛሬ ጊዜ ወጪው እንዴት ይከፈላል

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ከ1996 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ በወጪ መጋራት ሥርዐት ይማራል። ይኸውም ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፥ የምግቡንና የማደሪያውንም ዋጋ በዕዳ ተቀብሎ ውል ይፈርማል፤ ከተመረቀም በኋላ ሥራ ሲይዝ ከገቢው ላይ እየተቈረጠ ይከፍላል። ሥርዐቱ በሌላም አገር የታወቀ ነው፤ የአውስትራልያ መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲደርስ ብቻ የሚከፍልበትን ሕግ አቆመ። የዚህ ብድር ደግነቱ፥ ባለዕዳው ሥራ ሳያገኝ አበዳሪ መጥቶ በሬውን አይነዳበትም።

በተግባረ እድ ትምህርት ነገሩ ሌላ ነው። የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያ ከግል ኮሌጅ ይልቅ ዝቅ ያለ ነው፤ ነገር ግን እንደ ዩኒቨርሲቲ ለሠልጣኙ ሁሉ ማደሪያና ምግብ የሚሰጥ አይደለም። ስለዚህ ከገጠር የመጣ ልጅ በከተማው ቤት ተከራይቶ፥ ስንቅ ከቤቱ እያመላለሰ ይማራል። የሚከብደውም የትምህርቱ ክፍያ ሳይሆን የቤቱ ኪራይና የእንጀራው ነገር ነው።

በጀርመን አገር ሙያ የሚማር ልጅ ከአንድ ባለሥራ ቤት ጋር ውል ተዋውሎ፥ የሳምንቱን ጥቂት ቀን በትምህርት ቤት፥ የቀረውን በሥራ ቤት ያሳልፋል፤ ባለሥራውም እየተማረ ሳለ በየወሩ ደመወዝ ይከፍለዋል። በኢትዮጵያም የሙያ ሥልጠና በከፊል በኮሌጅ፥ በከፊል በሥራ ቦታ እንዲሆን ታስቦ የተደራጀ ነው። ልዩነቱ፥ የእኛ አገር ሠልጣኝ በሥራ ቦታ ሲለማመድ ደመወዝ ማግኘቱ የታመነ አለመሆኑ ነው።

ክፍል 3። የገበሬው በሬ

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በጎዛምን ወረዳ የሚኖር አንድ ገበሬ እንዳለ ይታሰብ። ይህ ገበሬ አንድ ጥማድ በሬ፥ ጥቂት በጎች፥ አንዲት ላም አሉት። ልጁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ተፈትኖ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላገኘም፤ ነገር ግን በኮሌጅ የብየዳ ሥራ ለመማር ተመዘገበ። ታናሽ እኅቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቷን ትጨርሳለች።

አባቱ በመጀመሪያ አዘነ። «ስንት ዓመት ተምሮ ቀጥቃጭ ሊሆን ነውን?» አለ። ልጁም አንገቱን ደፍቶ፥ «አባባ፥ ዛሬ በከተማው ቤት የሚሠራ ሁሉ በርና መስኮቱን በብረት ያሠራል። የሚሠራውም ሰው አንቱ ተብሎ ይኖራል» ብሎ መለሰ። ገበሬውም ጥቂት ዝም ብሎ ካሰበ በኋላ፥ «እንግዲያስ ከበሬዎቼ አንዱን ሸጬ አስተምርሃለሁ» አለው።

እናቲቱ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ ገብቶ ማረስ አለበት። በመቀናጆም አንድ ቀን ለራሱ፥ አንድ ቀን ለባልንጀራው ስለሚያርስ፥ ዝናሙ በወረደ ጊዜ እርሻው ይዘገይበታል። የዘገየ እርሻ ዘሩም ይዘገያል፤ የጤፉም ምርት ይቀንሳል።

አንድ ጎረቤትም ነገሩን ሰምቶ መጣና፥ «በሬህን አትሽጥ፤ እኔ 12,000 ብር አበድርሃለሁ። በየወሩ ከመቶ አሥር ብር ትጨምርልኛለህ» አለ። ከመቶ አሥር መባሉ ለገበሬው ጥቂት መሰለው። ነገር ግን ቃል ከመስጠቱ በፊት ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ሄዶ አማከረ።

ክፍል 4። ሒሳቡ

መምህሩ ገበሬውን፥ ሚስቱንና ልጁን በአንድነት አስቀምጦ ወረቀትና እርሳስ አወጣ። «ጌታዬ፥ አስቀድመን ወጪውን እንቍጠር፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍለውን እንፈልጋለን» አላቸው። ከዚህ በታች ያለው ቁጥር ለመማሪያ የተቀመጠ ነው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም።

ሦስት ልጆች አንድ ቤት በ1,500 ብር ቢከራዩ የአንዱ ድርሻ በወር 500 ብር ይሆናል። ምግቡን ሁሉ በከተማ ቢገዛ 900 ብር፥ ለሳሙና፥ ለደብተርና ለመንገድ 300 ብር፥ ለትምህርት ቤቱና ለመለማመጃ ዕቃ 200 ብር ያወጣል። ድምሩ በወር 1,900 ብር ነው። በዓመት 10 ወር፥ በሁለት ዓመት 20 ወር ቢማር ወጪው 38,000 ብር ይሆናል።

ገበሬው 38,000 ብር ሲሰማ፥ «መምህር፥ አላልኩዎትምን? ይህ ያለ በሬ አይገኝም» አለ። መምህሩ ግን እንዲህ ሲል አስረዳው። «ጌታዬ፥ ይህ ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን አይፈለግም። የሚፈለገው በየወሩ 1,900 ብር ነው። በየወሩ የሚፈለግ ወጪ በየወሩ ከሚገኝ ገቢ ቢከፈል ይሻላል። በሬ ግን አንድ ጊዜ ከተሸጠ በየዓመቱ ይሰጥ የነበረውን ምርት ይዞ ይሄዳል።»

ከዚህ በኋላ ወጪውን እንደ ገና መረመሩት። እናቲቱ፥ «የጤፍ ዱቄት፥ ሽሮና በርበሬ፥ በሶም ከቤት እሰድለታለሁ» አለች። እንዲህ ሲሆን ለምግብ በገንዘብ የሚወጣው ለዘይት፥ ለሽንኩርትና ለከሰል ብቻ 300 ብር ሆነ፤ የወሩም ወጪ ከ1,900 ወደ 1,300 ብር ወረደ። ልጁም ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ብየዳ ቤት በረዳትነት ቢሠራና በቀን 150 ብር ቢያገኝ፥ በወር አራት ቅዳሜ 600 ብር ይሆናል። ስለዚህ የቀረው 700 ብር ብቻ ነው። እናቲቱ ከዕንቁላልና ከቅቤ 300 ብር ልትሰጥ፥ አባቱ ደግሞ 400 ብር ሊሰጥ ተስማሙ። የአባቱ ድርሻ በ10 ወር 4,000 ብር ነው፤ ይህም በዓመት አንድ በግ ሸጦ የሚከፈል ነው።

የጎረቤቱንም ብድር መምህሩ አሰላው። ከ12,000 ብር ላይ ከመቶ አሥር በወር 1,200 ብር ነው። ይህ በ12 ወር 14,400 ብር ይሆናል። እንግዲህ ተበዳሪው በዓመቱ መጨረሻ የተበደረውን 12,000 ብር ጨምሮ 26,400 ብር ሊከፍል ነው። ወለዱ ከዋናው ገንዘብ በለጠ ማለት ነው። ገበሬውም ይህን ባየ ጊዜ፥ «ለካ በሬዬን አትሽጥ ያለኝ ሁለቱንም በሬ ሊወስድ ኖሯል» አለ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ የግድ ቢያስፈልግ እንኳ ዕቁብ ከአራጣ ይሻላል። 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ፥ ዕጣ የወጣለት ሰው በአንድ ጊዜ 12,000 ብር ያገኛል። አስቀድሞ የደረሰው እንደ ብድር፥ በመጨረሻ የደረሰው እንደ ቁጠባ ይሆንለታል፤ ወለድ የሚባል ነገር የለበትም። ነገር ግን ዕጣው የወጣለት ሰው የቀረውን ወር ሁሉ ሳያቋርጥ መጣል አለበት። በየወሩ 1,000 ብር የማያገኝ ሰው ዕጣው ቶሎ ቢወጣለትም በባልንጀሮቹ ዘንድ ያፍራል።

ክፍል 5። ስለ ብድር፥ ስለ ዋስና ስለ መያዣ ሊታወቅ የሚገባው

በ1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ብድር ያዘዘውን ማወቅ ለገበሬም ለተማሪም ይጠቅማል።

1ኛ፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መሆን ይገባዋል። በቃል ብቻ የተደረገ ብድር ክርክር ሲነሣ ለማስረዳት ያስቸግራል።

2ኛ፤ ሰው ለሰው በሚያበድረው ገንዘብ በውል የሚደረገው ወለድ በዓመት ከመቶ 12 ሊበልጥ አይችልም። በ12,000 ብር ላይ ይህ በዓመት 1,440 ብር ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሰው አራጣ አበዳሪ ነው፤ በአራጣ ማበደርም በወንጀል ሕግ ያስቀጣል። የባንክ ወለድ ግን በሌላ መመሪያ ስለሚወሰን፥ ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት በዓመት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ፥ ድምሩም በብር ስንት እንደሚደርስ ጠይቆ ማስጻፍ አለበት።

3ኛ፤ ዋስ የሚሆን ሰው የዋስትናው ልክ በገንዘብ ቍጥር ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ «ዋስ ነኝ» ብሎ ብቻ መፈረም አይገባም፤ «እስከዚህ ብር ድረስ ዋስ ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። ዋስ ከባለዕዳው ጋር ሳይነጣጠል በአንድነት የሚገደድ ሆኖ የፈረመ እንደ ሆነ፥ አበዳሪው ባለዕዳውን ሳይከስ በቀጥታ ዋሱን ሊከስ ይችላል። ብዙ ሰው ለዘመዱ አፍሮ ሳያነብ ይፈርማል፤ በኋላ ግን የሚያፍረው በፍርድ ቤት ነው።

4ኛ፤ በ2011 ዓመተ ምሕረት በወጣው አዋጅ ቍጥር 1147 መሠረት ቤትና መሬት ብቻ ሳይሆን ከብትና ማሽን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ ሊሆን ይችላል። ይህ ቤት ለሌለው ወጣት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን መያዣ የሆነ ንብረት ዕዳው ካልተከፈለ የሚወሰድ መሆኑን መርሳት አይገባም።

በአማራ ክልል ለገጠር ሰው ሲያበድር የኖረው የአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በ1989 ዓመተ ምሕረት በአክሲዮን ማኅበርነት ተመሠረተ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠርም በ2022 ጸደይ ባንክ ተብሎ ወደ ባንክነት ተለወጠ። ይህ ተቋም ብዙ ሰው እንዲበደር ያስቻለው መንገድ የቡድን ዋስትና ነው። ይኸውም መያዣ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች በአንድነት ሆነው እርስ በርሳቸው ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ባይከፍል ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ስለዚህ በቡድን የሚበደር ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ባልንጀራውን መምረጥ አለበት።

ለትምህርትም የሚከፈል ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ሌላ ጥያቄ አለ። የግል ኮሌጅ የሆነ እንደ ሆነ የሚያስተምረውን ሙያ ለማስተማር ከመንግሥት ዕውቅና ያለው መሆኑ መጠየቅ አለበት፤ ዕውቅና ከሌለው ተማሪው የሙያ ብቃት ምዘና ለመቀመጥ ይቸገራል። በክልሉም በ2015 ዓመተ ምሕረት በተነሣው ጦርነት ምክንያት በብዙ ቦታ ትምህርት ስለ ተቋረጠ፥ የቤት ኪራይ ከመክፈል በፊት ትምህርቱ መሰጠቱንና መንገዱ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

ክፍል 6። የልጁ ነገር እንዴት ሆነ

ልጁ በታሰበው መንገድ ተማረ። ጥቂት ጊዜ ተቸግሯል፤ በክረምት ስንቁ ዘግይቶ ባልንጀሮቹ አካፍለውታል፤ እርሱም የእነርሱ ስንቅ በዘገየ ጊዜ አካፍሏቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ በብየዳ ቤት መሥራቱም ከገንዘቡ በላይ ጠቀመው፤ በኮሌጅ በቀለም የተማረውን በእጁ አጸና። ሁለት ዓመት ሲፈጸም የሙያ ብቃት ምዘናውን አለፈ። የአባቱም ጥማድ ሳይፈርስ ቆየ።

ብድር ያስፈለገው በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ቤት ተከራይተው የተማሩት ሦስቱ ልጆች የብየዳ ማሽንና ሌላ መሣሪያ ለመግዛት 60,000 ብር ተበደሩ፤ የአንዱ ድርሻ 20,000 ብር ሆነ። ይህ ብድር ለእንጀራ ከሚደረግ ብድር የተለየ ነው። በብድር የተገዛ እንጀራ ተበልቶ ያልቃል፥ ዕዳው ግን ይቀራል። በብድር የተገዛ ማሽን ግን በየቀኑ እየሠራ የራሱን ዕዳ ይከፍላል። ሦስቱም ለየድርሻቸው አንድ አንድ ዋስ አቀረቡ፤ የእያንዳንዱም ዋስትና 20,000 ብር ድረስ ብቻ መሆኑ ተጻፈ። ከሚያገኙትም ላይ ከአሥር አንዱን ለክፉ ቀን ለማስቀመጥ ተስማሙ።

ጥቂት ወራት እንደ ሠሩ ከሦስቱ አንዱ የተሻለ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ሳይነግራቸው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። በእርሱ ድርሻ ላይ ገና 12,000 ብር ዕዳ ነበረበት። አበዳሪውም ዋስ የሆነውን ታላቅ ወንድሙን ጠየቀው። ወንድሙ ሁለት በሬ ያለው ገበሬ ነበር፤ ዕዳውን ብቻውን ቢከፍል አንዱን በሬ መሸጥ ግድ ይሆንበታል።

ነገሩ በሽማግሌ ታየ። ሽማግሌዎቹም ሁለቱን ወጣቶች፥ «ማሽኑ በማን እጅ ቀረ?» ብለው ጠየቁ። «በእኛ እጅ» አሉ። «እንግዲያስ ማሽኑን ይዛችሁ ዕዳውን ለዋሱ ብቻ መተው አይገባም» ብለው 12,000 ብሩ በሦስት እንዲከፈል ፈረዱ። ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ደረሰው። ሁለቱ ወጣቶች ለክፉ ቀን ካስቀመጡት ላይ ከፈሉ፤ ዋሱም ሁለት በግ ሸጦ ከፈለ። ማሽኑም የሁለቱ እንዲሆን፥ የሄደውም ልጅ ቢመለስ ከወንድሙ ጋር እንዲተሳሰብ ተጻፈ።

የገበሬው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ዕዳውን ጨረሰ። በዚያው ዓመት ታናሽ እኅቱ የቤት ኤሌክትሪክ ሥራ ለመማር በኮሌጁ ተመዘገበች። አባቷ ለእርሷ የሚሸጠውን በግ ሊመርጥ ወደ በረት ሲገባ ልጁ ተከትሎት ገባ፤ «አባባ፥ በጉን ይተዉት። በየወሩ የጐደለው 700 ብር ነበር፤ እርሱን እኔ እሰጣለሁ» አለው። አባቱም በጉን ለቀቀው። እናቲቱ ግን ስንቁን እንደ ቀድሞው ማዘጋጀቷን አልተወችም።

ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ቍም ነገር

የጎጃም መንደር ለቆሎ ተማሪ ያደረገውን ቤተ ሰብ ለተግባረ እድ ተማሪም ሊያደርገው ይችላል፤ ይኸውም ከባዱን ወጪ ከፋፍሎ መሸከም ነው። የየወሩ ወጪ ከየወሩ ገቢ ይከፈል። ቤተ ሰቡን የሚያኖር ጥማድ ለኪራይና ለእንጀራ አይሸጥ። ብድር የሚወሰደው ራሱን ለሚከፍል መሣሪያ ይሁን፤ ወለዱ በዓመት ተሰልቶ፥ የዋሱ ልክ በቍጥር ተጽፎ፥ ባልንጀራው ተመርጦ ይሁን። የተማረም ሰው ዕዳውን ለአበዳሪው ከከፈለ በኋላ ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ተማሪ ማሰብ አለበት።

የቃላት ፍች

ተግባረ እድ፤ የእጅ ሥራ።
ጥማድ፤ በአንድ ቀንበር የሚጠመዱ ሁለት በሬዎች።
መቀናጆ፤ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው በተራ የሚያርሱበት ስምምነት።
ወለድ፤ በተበደሩት ገንዘብ ላይ ተጨምሮ የሚከፈል።
አራጣ፤ ከሕግ ልክ ያለፈ ወለድ።
ዋስ፤ ባለዕዳው ባይከፍል ልከፍል ብሎ የፈረመ ሰው።
መያዣ፤ ዕዳው ካልተከፈለ እንዲወሰድ ለአበዳሪ ቃል የተገባ ንብረት።

ጥያቄዎች

1። የቆሎ ተማሪ ገንዘብ ሳይከፍል የተማረው ወጪውን ማን ከፍሎለት ነው?
2። ገበሬው አንዱን በሬ ቢሸጥ ኖሮ ከበሬው ዋጋ ሌላ ምን ይጐድልበት ነበር?
3። አንድ ሰው 5,000 ብር በወር ከመቶ አሥር ወለድ ቢበደር በ12 ወር ወለዱ ስንት ይሆናል? በዓመት ከመቶ 12 ቢሆንስ?
4። ስምንት ሰዎች በየወሩ 600 ብር ዕቁብ ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት ሰው ስንት ብር ያገኛል? ከዚያ በኋላ ስንት ወር መጣል ይቀረዋል፥ ዕጣው በሦስተኛው ወር የወጣለት እንደ ሆነ?
5። የዋስትናው ልክ ባይጻፍ ኖሮ በሄደው ልጅ ወንድምና በአበዳሪው መካከል ምን ክርክር ሊነሣ ይችል ነበር?
6። ሽማግሌዎቹ ዕዳውን በሦስት የከፈሉት ስለ ምንድን ነው? ፍርዱ ትክክል መስሎ የማይታየው ተማሪ ምክንያቱን ይናገር።
7። ተማሪው ሊማር የሚፈልገውን አንድ ሙያ መርጦ፥ የየወሩን ወጪ በአንድ በኩል፥ የሚከፍለውን ሰው በሌላ በኩል በሠንጠረዥ ይጻፍ፤ ወደ ቤቱም ወስዶ ለወላጆቹ ያንብብላቸው።